ስለ ሻደይ ጨዋታና ስለ መነጽሩ የምት ጨዋታ

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት የምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው የሻደይን ጭፈራ ወደ ኮምፒዩተር ጨዋታ ለመለወጥ አሰቡ። የጋዝጊብላ ሰው መሆኔን ስለሚያውቁም የጨዋታውን ሕግ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ሊሠሩት ያሰቡት ጨዋታ ተጫዋቹ መነጽር ዓይኑ ላይ አድርጎ፤ የሚሰማውን ዜማ እየተከተለ አካሉን የሚያንቀሳቅስበት ዓይነት ነው። ጥያቄያቸውም «ተጫዋቿ ነጥብ የምታገኘው ምን ስታደርግ ነው?» የሚል ነበረ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እያየሁት ያደግሁት ነገር ሆኖ ሳለ የምመልሰው አጣሁ።

ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ነጥብ የሚሰጥበት ጨዋታ ሁሉ ተጫዋቹን የሚያስለምደው የሚቈጥርለትን ነገር ነው፤ ያልተቈጠረው ቀስ በቀስ እየቀረ ይሄዳል። ስለዚህ ለሻደይ የነጥብ ሕግ መጻፍ ማለት ከጭፈራው የትኛው እንደሚኖርና የትኛው እንደሚረሳ መወሰን ማለት ነው። ይህንንም ለማስረዳት አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ጨዋታ፤ ቀጥሎ ስለ ሻደይ፤ በመጨረሻም ለጓደኞቼ ስለ ሰጠሁት መልስ እጽፋለሁ። ወንድ በመሆኔ የሻደይ ባለቤት አይደለሁም፤ ድርሻዬ በትር ይዤ እኅቶቼን መከተል ነበረ። ከዚህ በታች ስለ ሻደይ የምናገረውም ከዳር ሆኜ ያየሁትንና እናቴና እኅቶቼ የነገሩኝን ነው።

የመሣሪያው ጨዋታ

የምት ጨዋታ የሚባለው ተጫዋቹ የሙዚቃውን ምት ጠብቆ አንድ የታዘዘ ነገር የሚያደርግበት ጨዋታ ነው። የዘመናዊው የምት ጨዋታ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ከወጣው ከ«ፓራፓ ዘ ራፐር» ነው። በእርሱ ላይ የሚሠራው ጣት ብቻ ነበረ። በ1998 ግን ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» የተባለውን ሲያወጣ ሥራው ከጣት ወደ እግር ወረደ። ተጫዋቹ አራት ቀስቶች በተሣሉበት መድረክ ላይ ይቆማል፤ በፊቱ ባለው ማሳያ ላይ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቀስት ከቦታው ሲደርስ ተጫዋቹ የእርሱን አምሳያ በእግሩ ይረግጣል። መሣሪያው የሚቈጥረው እግሩ በትክክለኛው ጊዜ መውረዱን ነው።

በዚህ ጨዋታ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ታየ። ከመድረኩ በስተ ኋላ የብረት መደገፊያ አለ። ከፍተኛ ነጥብ የሚሹት ጐበዞች መደገፊያውን በእጃቸው ይዘው፤ ወገባቸውንና ትከሻቸውን ሳያንቀሳቅሱ እግራቸውን ብቻ ማፍጠን ጀመሩ። በስሙ ዳንስ የተባለው ጨዋታ በእነርሱ ዘንድ የእግር ሩጫ ሆነ። ይህም በተጫዋቾቹ የሚፈረድ አይደለም፤ መሣሪያው እጅንና ትከሻን ስላልቈጠረ ነው።

የመነጽሩ ጨዋታ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን እኛ ምናባዊ እውነታ ልንለው እንችላለን። ራስ ላይ የሚደረግ ማሳያ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1968 ሠርቶ አሳይቷል። ዛሬ የሚሸጠው መነጽር ለቀኝና ለግራ ዓይን በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ሥዕሎችን ያሳያል፤ አእምሮም ሁለቱን አንድ አድርጎ ጥልቀት ያለው ዓለም ያያል። በመነጽሩ ላይ ያሉት ካሜራዎችና የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ራስ ወዴት እንደ ዞረ፤ በሁለት እጅ የሚያዙት መቈጣጠሪያዎችም የት እንዳሉ ይከታተላሉ። በ2019 የወጣው ኦኩለስ ክዌስት በሰኮንድ 72 ሥዕሎችን ያሳይ ነበረ። ይህን ያህል ፍጥነት የሚያስፈልገው ተጫዋቹ ራሱን ሲያዞር ሥዕሉ ዘግይቶ ቢከተለው ስለሚያጥወለውለው ነው።

ከእነዚህ ጨዋታዎች በጣም የታወቀው በቼክ ሪፐብሊክ ከተማ በፕራግ ተሠርቶ በ2018 ለገበያ የቀረበው «ቢት ሴበር» ነው። ተጫዋቹ በአንድ እጁ ቀይ፤ በሌላው ሰማያዊ የብርሃን ሰይፍ የያዘ ይመስለዋል። በዘፈኑ ምት ልክ ኩቦች ወደ እርሱ ይመጣሉ። በየኩቡ ላይ ያለው ቀስት በሚያመለክተው አቅጣጫ ይቈርጣቸዋል፤ ግድግዳ ሲመጣበትም ዝቅ ወይም ዘወር ይላል። ለአንድ ኩብ የሚሰጠው ከፍተኛ ነጥብ 115 ነው። ከዚህም ውስጥ 70ው ሰይፉ ኩቡን ከመቍረጡ በፊት ለተወዛወዘበት ስፋት፤ 30ው ከቈረጠ በኋላ ለቀጠለበት ስፋት፤ የቀረው 15 ብቻ ኩቡን በመካከሉ ለመቍረጥ ነው። እንግዲህ ከ115ቱ ነጥብ 100ው የክንድ ውዝዋዜ ዋጋ መሆኑ ነው። ምቱን በትክክል ማግኘት ለብቻው ነጥብ የለውም፤ ኩቡ ሳያልፍ መቍረጥ ይበቃል።

ይህንን ሳላውቅ በጓደኞቼ መነጽር ስጫወት ክንዴን ከደረቴ ሳላርቅ፤ በክንዴ አንጓ ብቻ እየቈረጥሁ ነበረ። አንድ ኩብ እንኳ ሳላሳልፍ ዘፈኑን ጨርሼ ያገኘሁት ነጥብ ግን ትንሽ ሆነብኝ። ጓደኛዬም «ክንድህን ዘርጋ» አለኝ። በዘረጋሁ ጊዜ ትከሻዬ ተከተለ፤ ትከሻዬ ሲከተል ጕልበቴ ተለመጠ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዙሪያዬን ከበው ይሥቁ የነበሩት ተማሪዎች እንደ ነገሩኝ እስክስታ መሰል ነገር እያደረግሁ ነበረ። መሣሪያው «ጨፍር» ብሎ አላዘዘኝም። ያዘዘኝ መቍረጥን ነው፤ ጭፈራው የመጣው ስፋቱ ስለ ተቈጠረ ነው።

ሰውነታችን ለዚህ የተዘጋጀ መሆኑን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። አንድ ሰው ቋሚ ምት እየሰማ በጣቱ ጠረጴዛ እንዲመታ ቢጠየቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ከምቱ በኋላ ሳይሆን ከምቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ይኸውም የሰው አእምሮ የሚመጣውን ምት አስቀድሞ ስለሚጠብቅ ነው። ጨዋታውም ጭፈራውም የቆሙት በዚሁ በመጠበቅ ላይ ነው።

የሻደይ ጨዋታ

ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ ከሚገኙት ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ዋና ከተማው አስከተማ ይባላል። በአካባቢው ኽምጣንኛና አማርኛ ይነገራል። ሻደይ በዋግ የሚከበረው ከነሐሴ 16 እስከ ነሐሴ 21 ቀን ነው፤ ይህም ነሐሴ 1 ቀን የሚገባው የፍልሰታ ጾም ከተፈታበት ቀን ጀምሮ ማለት ነው። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፤ በራያ ቆቦ ሶለል፤ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ስለ አመጣጡ ሊቃውንት የተለያየ ትርጕም ይሰጣሉ። አንዳንዱ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ካመጣችው ርግብ ጋር፤ አንዳንዱ በመጽሐፈ መሳፍንት ከተጻፈው ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር፤ ብዙው ሰው ደግሞ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዘዋል። የእኔ ጽሑፍ ግን ስለ አመጣጡ ሳይሆን ስለ አጨፋፈሩ ነው።

በዋዜማው ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር ይቈርጣሉ። በማግሥቱ ጠጕራቸውን ተሠርተው፤ ተኵለው፤ ያላቸውን ጌጥ አድርገው ሣሩን በወገባቸው ዙሪያ ያስሩታል። ከዚያ በኋላ በእድሜ በእድሜያቸው ተቧድነው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንዷ ከበሮ ትመታለች፤ አንዷ ታወጣለች፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ሁለት ሁለት ሆነውም በክቡ መካከል ገብተው ፊት ለፊት ይጨፍራሉ። ባለቤቶቹ ቀድሞ እህልና እንጀራ፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ይሰጧቸዋል። ልጃገረዶቹም አመስግነውና መርቀው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ።

ስለ ሣሩ ጥቂት ልጨምር። ሣሩ ጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበረ። ከመሣሪያው ጨዋታ በኋላ ግን ሌላ ሥራ እንዳለው ተገነዘብሁ። ጨፋሪዋ ወገቧን በጥቂቱ ብታንቀሳቅስ ሣሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሰፋ አድርጋ በምቱ ብትወዛወዝ ይከፈታል፤ ምቱን ብትስት ደግሞ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በዳር የቆመ ሰው ሁሉ ይህንን ያያል። እንግዲህ ሣሩ እንደ ቢት ሴበር ሰይፍ ስፋትን የሚያሳይ መለኪያ ነው ማለት ይቻላል። የሚለየው ድምሩን የሚይዝ ሰው አለመኖሩ ነው። በስድስቱ ቀን መጨረሻ ማን አንደኛ እንደ ወጣች የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ላይ አንድ የምሕንድስና ችግር ይገጥመናል። በተለመደው መሣሪያ የሚከታተሉት ሦስት ነገሮችን ነው፤ እነርሱም ራስና ሁለቱ እጆች ናቸው። የሻደይ ጨዋታ ዋና ቦታ ግን ወገብ ነው። ስለዚህ የተለመደውን መሣሪያ እንዳለ ብንወስድ ልጃገረዲቱ ክንዷን ታወዛውዛለች እንጂ ሻደይ አትጨፍርም። በብረት መደገፊያው ላይ የሆነው በእኛም ላይ ይሆናል ማለት ነው። በወገብ ላይ የሚታሰር ተጨማሪ መከታተያ ስላለ ግን ይህ ችግር መፍትሔ አለው።

ክቡና ዝምታው

መፍትሔው የሚያስቸግረው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አስቀድሞ ግን የሚቈጠረው ነገር ጭፈራን እንደሚለውጥ ለማየት መነጽሩን መጠበቅ እንደማያስፈልገን ልናገር። እኔ ልጅ ሳለሁ ልጃገረዶቹ የሚቆሙት ሙሉ ክብ ሠርተው ነበረ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በስልክ የሚቀርጽ ወጣት ሲመጣ ክቡ በእርሱ በኩል ይከፈታል፤ ጨፋሪዎቹም ፊት ለፊት መተያየታቸውን ትተው ጐን ለጐን ሆነው ወደ ስልኩ ይዞራሉ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ቲክቶክ የሚቈጥረው የተመልካችን ብዛት ነው፤ ተመልካቹም ያለው በስልኩ በኩል ነው።

ሁለተኛው ነገር ዝምታው ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት የዋግን ሕዝብ ክፉኛ ጐድቶታል። ከዚያ በኋላ በነበረ በአንድ ሻደይ ታናሽ እኅቴ ከበሮ ይዛ፤ እኔም እንደ ልማዴ በትር ይዤ ስከተል፤ ሐዘን ካለባቸው ቤቶች ደረስን። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ቤት ሲደርሱ ከበሮ አይመታም። እኅቴም መዳፏን በከበሮው ቆዳ ላይ አሳርፋ ድምፁን አቆመችው። ልጃገረዶቹ አቀርቅረው አለፉ፤ የሚሰማውም የሣሩ ድምፅ ብቻ ነበረ። ሁለተኛውንም ቤት እንዲሁ አለፉት። ከሦስተኛው ቤት ግን ልጃቸው ያልተመለሰላቸው እናት ከደጃፋቸው ወጥተው «ልጆቼ፤ የእኔን ቤት ዘላችሁ ልትሄዱ ነው? ግቡ» አሏቸው።

እኅቴ በእድሜ ወደምትበልጣት ልጅ ተመለከተች። ያችም ራሷን ነቀነቀችላት። እኅቴ ከበሮውን በዘንባባ ጣቷ ብቻ፤ ዝግ አድርጋ መታች፤ አውጪዋም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወጣች፤ ሁለቱ ጨፋሪዎች እግራቸውን ከመሬት ሳያነሡ ወገባቸውን ብቻ በቀስታ አወዛወዙ። ሴትዮዋ እያለቀሱ አንድ ቁና ገብስ ሰጧቸው፤ መረቋቸውም። በዚያ ዓመት በሰፈራችን ስለዚያ ቡድን ሲወራ የሰማሁት ስለ ውዝዋዜያቸው ስፋት ሳይሆን በዚያች በር ላይ ስላደረጉት ነው። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የምት ጨዋታዎች መካከል ግን ለዚያ ጊዜ ነጥብ ሊሰጥ የሚችል የለም። ከበሮው የቆመበትን ጊዜ «አመለጠህ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ለዝግታው ጭፈራም ስፋቱ ጠባብ ነው ብሎ ይቀንስበታል።

መነጽሩን እንጣለው ወይ?

ከዚህ የተነሣ መሣሪያው ለሻደይ አይሆንም ብሎ መደምደም ይቀል ነበረ። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር በተቃራኒው የሚመሰክር ጥናት አለ። በ2010 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አብረው በአንድ ምት የሚቀዝፉ ጀልበኞች ለብቻቸው ከቀዘፉበት ጊዜ ይልቅ ሕመም የመቻል ኀይላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ2018 ደግሞ ብሮንዊን ታር፤ ሜል ስሌተርና ኤማ ኮኸን ያወጡት ጥናት በመነጽሩ ዓለም ውስጥ ከምናባዊ ሰዎች ጋር በአንድ ምት የተንቀሳቀሱ ሰዎች ከእነርሱ ጋር የበለጠ መቀራረብ እንደ ተሰማቸው ያስረዳል። አብሮ መወዛወዝ የሚሰጠው ነገር በመነጽር ውስጥም በከፊል ያልፋል ማለት ነው።

ይህም ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው በሰቆጣ የተጠለሉ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ለሥራና ለትምህርት ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር የሄዱ የዋግ ልጃገረዶችም አሉ። በነሐሴ 16 ቀን ሣር የሚቈረጥበት መስክ፤ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩበት ሰፈር የሌላቸው ልጆች ናቸው። ለእነርሱ ከሚሠራ ጨዋታ ይልቅ ምንም አለመኖሩ ይሻላል ለማለት አልደፍርም። የጭፈራን ትውስታ በዘመኑ መሣሪያ መያዝም አዲስ ነገር አይደለም። በ1965 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ጊዮርጊ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ ወደ አገራችን መጥተው የኢትዮጵያን ጭፈራና ዜማ አጥንተዋል፤ ማርቲን ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች ያወጣው ጽሑፍም እስከ ዛሬ ይጠቅሳል። እነርሱ ያየነውን እንዳንረሳ ረድተውናል። የነጥብ ጨዋታ ግን ከመዝገብ ይለያል፤ መዝገብ የነበረውን ያስቀምጣል፤ ጨዋታ ግን ወደፊት የሚደረገውን ያስተምራል። ስለዚህ ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት።

ለጓደኞቼ የሰጠሁት መልስ

በመጨረሻ ከእኅቶቼ ጋር ተማክሬ የሚከተሉትን አምስት ሕጎች ጽፌ ሰጠኋቸው።

አንደኛ፤ ጨዋታው ለአንድ ሰው አይከፈት። ቢያንስ ከበሮ መቺ፤ አውጪና ሁለት ጨፋሪዎች ሲገኙ ብቻ ይጀመር።

ሁለተኛ፤ የሚለካው ወገብ ይሁን። ስፋቱንም በቍጥር ሳይሆን በሣሩ መከፈትና መዘጋት ያሳይ፤ ጓደኞቿም ይዩት።

ሦስተኛ፤ ነጥቡ የቡድኑ እንጂ የአንዷ አይሁን። ዋናው ነጥብም ጨፋሪዋ በመካከል ስትቆይ የሚሰጥ ሳይሆን ደክማ ሳትወድቅ፤ ጠግባም ሳትቀር፤ ቦታዋን ለሌላዋ በጊዜው ስትለቅ የሚሰጥ ይሁን።

አራተኛ፤ በመንገዱ ላይ ከበሮ የማይመታባቸው ቤቶች ይኑሩ። የትኞቹ እንደ ሆኑ መሣሪያው አይንገር፤ ተጫዋቾቹ ደጃፉን አይተው ይወቁ።

አምስተኛ፤ ዜማው በኽምጣንኛም በአማርኛም ይሁን፤ ድምፃቸውና እንቅስቃሴያቸው የሚቀረጽ ልጃገረዶችም እነርሱም ወላጆቻቸውም ሳይፈቅዱ አይቀረጹ። ሽያጭ ቢኖር ድርሻ ይሰጣቸው።

ጓደኞቼ ሦስቱን የመጀመሪያ ሕጎችና አምስተኛውን ተቀበሉ። በአራተኛው ላይ ግን ተከራከርን። «ተጫዋች ዝምታ ሲሰማ መሣሪያው ተበላሸ ብሎ መነጽሩን ያወልቃል» አሉኝ። ክርክራቸው እውነት አለበት። የመሣሪያ ጨዋታ የሰው አእምሮ የሚመጣውን ምት በመጠበቁ ላይ የቆመ ነው ብዬ ከላይ ጽፌአለሁ፤ ምቱ ሲቀር ተጫዋቹ የሚጠብቀው ያጣል። እኔም የመለስሁላቸው እኅቴ በዚያ ቀን መዳፏን በከበሮው ላይ ስታሳርፍ አንዳቸውም ልጃገረዶች ከበሮው ተበላሸ እንዳላሉ ነው። ምቱን ይጠብቁ እንደ ነበረ ሁሉ ዝምታውንም ይጠብቁት ነበረ፤ ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር ያውቃሉና። ለማያውቅ ተጫዋች ይህንን እንዴት እንደሚያስተምሩት ገና አልተስማማንም። በሚመጣው ነሐሴ ሙከራውን ወደ አስከተማ ወስደን ለልጃገረዶቹ ለማሳየትና ፍርዱን ከእነርሱ ለመስማት ወስነናል።

ይህ ጽሑፍ በአንድ ሰፈር ባየሁት ነገር ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ በሰቆጣ፤ በደሃናም ሆነ በዝቋላ ልማዱ የሚለይበት ነገር ሊኖር ይችላል። ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ እኅቶችና ወንድሞች፤ በሰፈራችሁ ሐዘን ያለበት ቤት ሲደረስ ከበሮው ምን እንደሚሆን ጽፋችሁ ብታካፍሉን ለጓደኞቼ ሥራም፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢም ትልቅ ጥቅም ይሆናል። ክቡራን መምህራንም ስሕተቴን እንዲያርሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።